«ጠባሳ ከያዘማ ድኗላ!»

ሰውዬው ከአጋሮ ወደ ጅማ የመጡ የቡና ገበሬ ናቸው። ተቅማጥ አክርሟቸው ክሬቲኒናቸው፣ ማለት ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚከማቸው ቆሻሻ፣ 6 አልፏል። የላካቸው ዶክተር ወረቀቱ ላይ «ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት» ብሏል። ፈሳሽ ሲተካላቸው ይመለሳል ባይ ነው። ስለ ደም ግፊታቸው ስጠይቃቸው «እሱማ የቆየ ነው፤ መድኃኒቱን ሲያመኝ እውጣለሁ» አሉኝ።

የአልትራሳውንዱን ጄል ቀብቼ ፕሮቡን ኩላሊታቸው ላይ አሳረፍኩ። ቀኙ 7.8 ሴንቲ ሜትር። ግራውም ያው። የአዋቂ ኩላሊት ከ10 እስከ 12 ነው። የውጭው ክፍል ሳስቷል፤ ከጉበት ጠቆር ማለት ሲገባው ከጉበት በላይ ነጥቷል። በሳምንት ተቅማጥ እንዲህ የሚኮማተር ኩላሊት የለም።

ዶክተሩን ጠርቼ ነገርኩት። ስክሪኑን እንኳ ሳያይ «እህቴ፣ ማሽናችሁ አርጅቷል፤ ደግመሽ ለኪ» አለኝ። ደግሜ ለካሁ። ኩላሊቱ አላደገም።

አባባ ሁሉንም ሰምተዋል። «ምን ሆኗል?» አሉ። ጠባሳ ይዞታል አልኳቸው። ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቅልጥማቸው ላይ ያለ የገጀራ ጠባሳ አሳዩኝ። «ይሄ ከዳነ ስንት ዘመኑ! ጠባሳ ከያዘማ ድኗላ!»

ምን ብዬ ልመልስ? ቆዳ ላይ እውነታቸውን ነው። ጠባሳ ሠሪዎቹ ሴሎች ኮላጅን የሚባለውን ጠንካራ ፕሮቲን አፍስሰው ቁስሉን ይዘጉና ሥራቸው ያበቃል። ኩላሊት ላይ ግን ግፊቱ በየቀኑ ስለሚያቆስል አያርፉም። ኮላጅኑ በቱቦዎቹ መሃል ይከማቻል፣ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይጠፋሉ፣ ኦክስጅን ያጣው ማጣሪያ ይሞታል። አንድ ኩላሊት 1 ሚሊዮን ገደማ ማጣሪያ አለው፤ የሞተው አይተካም። የተረፉት የሟቾቹን ሥራ ደርበው ሲለፉ እነሱም በተራቸው ይጎዳሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰው ምንም ላያመው ይችላል። ክሬቲኒን እንኳ ግማሹ እስኪያልቅ ዝም ሊል ይችላል።

ይህን ሁሉ አልዘረዘርኩላቸውም። «አባባ፣ እግርዎን ገጀራው አንዴ ነው የመታው፤ ኩላሊትዎን ግን ግፊቱ በየቀኑ ነው የሚመታው» አልኳቸው።

ዝም ብለው አሰቡ። «እንግዲያ ያ ክኒን ገጀራውን የሚይዝልኝ ነበራ!»

ስክሪኑን ካላየው ሰውዬ ቀድመው ገባቸው።

ፈሳሹ ተሰጣቸው። ክሬቲኒኑ ትንሽ ወረደና እዚያው ቆመ። በኋላ ካርዳቸውን ሳይ «ሥር የሰደደ፤ ከመጀመሪያውም የተጠረጠረ» የሚል አገኘሁ። የማን ጽሑፍ እንደሆነ አውቃለሁ። ምንም አላልኩም። እሱ ግን ያቺን ትንሽ መውረዷን በተገናኘን ቁጥር ያነሳብኛል።