ግራ እጄ አሁንም ብስክሌት ላይ ነው

ባለፈው ቅዳሜ ሞተሬን ሰባት ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ እግሬን መሬት ሳላስነካ ወደ ግራ ሙሉ ዙር አዞርኳት። ወዲያው መልሼ ደገምኩት። አሁንም ሆነ! የማይነዳ ሰው «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ይላል። የሚነዳ ሰው ግን ይገባዋል። ይህን የምጽፈው በተለይ ለጀማሪ እህቶች ነው። ወንዶችም አንብቡት፣ አይከፈልበትም።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። ሞተር የጀመርኩት ለሥራ አይደለም፣ ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ላይ ሴት በሞተር ስትሄድ ያየ ሰው ወይ የመሥሪያ ቤት ሥራ ላይ ናት፣ ወይ የወንድሟን ይዛ ነው ብሎ ያስባል። «ለመዝናናት ነው» ስል ፊታቸው ላይ የማየው ግራ መጋባት ራሱ አንድ መዝናኛ ነው። ሥልጠና ገባሁ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፣ ያገለገለች 125 ሲሲ (ሲሲ የሞተሩ መጠን ነው) ገዛሁ።

ሁሉም «ትንሽ ናት፣ 200 ግዢ» ብሎኝ ነበር። አልሰማሁም፤ አሁንም አልሰማም። አን-ፍራንስ ዶትቪል የምትባል ፈረንሳዊት በ1973 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ብቻዋን ዓለምን የዞረችው በ125 ካዋሳኪ ነው። ዓለም የተዞረባት ሞተር እዚሁ ከተማ ውስጥ ከጊዮርጊስ ፔዳ ለመመላለስ አነሰች ማለት ቀልድ ነው። እንደ እኔ አጭር የሆነች ሴት ደግሞ መጠየቅ ያለባት ስለ ሲሲ ሳይሆን ስለ መቀመጫው ከፍታና ስለ ክብደቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፍጥነት ከባድ አይደለም። ሞተር በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ስትሮጥ ራሷን ትሸከማለች፣ አንቺ ቁጭ ማለት ነው። ፈተናው መዘግየት ላይ ነው። ባጃጅ መሀል መሹለክ፣ ጠባብ መንገድ ላይ መዞር፣ አህያ እስኪያልፍ መንፏቀቅ። እኔን ለወራት ያሰቃየኝ ዙር ነበር። ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፣ እዞራለሁ፣ መሀሉ ላይ ስደርስ ሞተሯ ጸጥ ትልና ወደ ውስጥ ትተኛለች። ሁሌም እዚያው ቦታ ላይ።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ብስክሌት ያውቃል። እኔም ከሽምብጥ ትምህርት ቤት የተመላለስኩት በብስክሌት ነው። ስለዚህ ሚዛን መጠበቅ አልከበደኝም፤ አሠልጣኙም «አንቺማ ታውቂዋለሽ» ብሎ ቶሎ አስፋልት ላይ አወጣኝ። ጣጣው የመጣው ግን ከዚሁ ከማውቀው ነገር ነው። ብስክሌት ላይ በግራ እጅሽ የምትይዢው ፍሬን ነው። ሞተር ላይ ግን ፍሪሲዮን ነው፤ ሲያዝ የሞተሩን ጉልበት ከጎማው የሚያላቅቀው ማለት ነው። ሰላም ሆነሽ ስትነጂ ይህ ልዩነት አይታወቅም። ስትደነግጪ ነው ጉዱ የሚወጣው። እጅ የለመደውን ነው የሚሠራው፤ እኔም ሁለቱንም እጄን ጭምቅ!

ቀስ ብለሽ እየዞርሽ ሁለቱን አንድ ላይ መጨበጥ ማለት መውደቅ ማለት ነው። ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ሲያዝ ሞተሩ የኋላውን ጎማ መግፋት ያቆማል። ያዘነበለችውን ሞተር እንዳትወድቅ ይዞ የነበረው ግን ያ ግፊት ነው። መሪው ተጠምዝዞ እያለ የፊት ፍሬን ሲጨመርበት ክብደቱ ሁሉ ወደ ውስጥ ይሄዳል። መቶ ኪሎ የሚያልፍ ብረት ደግሞ በአንድ እግር አይያዝም።

አንድ ቀን ሞተሯን ከመሬት ሳነሳ ዛፍ ሥር የተቀመጡ አዛውንት «ልጄ፣ ወንድም የለሽም እንዴ?» አሉኝ። «አለኝ አባቴ፣ እሱ ግን መንዳት አይችልም» አልኳቸው። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው አገዙኝ።

መላው የመጣው ገጠር ለገጠር ዲቲ በሚባለው ሞተር ሲዞሩ ከኖሩ አንድ የግብርና ባለሙያ ነው። ሲያዩኝ ቆዩና «የኔ እህት፣ መዞሩን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ መዘግየት ተለማመጂ» አሉኝ። እኔና አንዲት ጓደኛዬ ባዶ ሜዳ ላይ ውድድር ያዝን። ቀድሞ የደረሰ ይሸነፋል፣ እግሩን ያወረደም ይሸነፋል። ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላየሁም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንደኛ ማርሽ አስገብተሽ ፍሪሲዮኑን በጣም ቀስ እያልሽ ልቀቂ። አንድ ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ወረድ ይላል፣ ሞተሯም ወደፊት ልሂድ ልሂድ ትላለች። ጣቶችሽን እዚያው ላይ አቁሚ። ሙሉ በሙሉ አትልቀቂ፣ ሙሉ በሙሉም አትያዢ። ነዳጁን ትንሽ ሰጥተሽ እጅሽን አታነቃንቂው። ከዚያ በቀኝ እግርሽ የኋላ ፍሬኑን ቀስ ብለሽ ረገጥ አድርጊ። ሞተሩ ይገፋል፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ አንቺ መሀል ላይ ትረጊያለሽ። የፊት ፍሬኑን እርሺው። እኔ አራቱንም የቀኝ ጣቶቼን መሪው ላይ ጠቅልዬ ነው የተለማመድኩት። መንገድ ላይ ስትወጪ ግን ጣትሽን ወደ ፊት ፍሬኑ መልሺ፣ በፍጥነት ስትሄጂ ዋናው ፍሬን የፊቱ ነው።

እዚህ ጋ ከሜካኒኮች ጋር ተጣልቻለሁ። «ፍሪሲዮን በግማሽ አትያዢ፣ ታቃጥይዋለሽ» ይላሉ። ለመኪና ልክ ነው። የአብዛኛው ትናንሽ ሞተር ፍሪሲዮን ግን ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ነገር ይችላል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ንጂ አላልኩም። ለዙርና ለጭንቅንቅ ግን ሌላ መንገድ የለም።

ሌላው የፍሪሲዮኑ መያዣ ነው። ጣቴ አጭር ስለሆነ መያዣው ሩቅ ነበር፤ የምይዘው በጣቴ ጫፍ ነው፣ ስለዚህም ወይ ሁሉን ወይ ምንም። ገመዱ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ጠምዝዤ ትንሽ ቀረብ ብሎ እንዲይዝ አደረግሁት። መያዣው ጫፍ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ልቅነት መተው አለበት፤ ካልተተወ ፍሪሲዮኑ ሳይነካም ይንሸራተታል። ዋጋው ዜሮ ብር፣ ጊዜው ሻይ እስኪቀርብ። አሠልጣኞች ለምን የመጀመሪያው ቀን ላይ እንደማይነግሩን አይገባኝም።

የቀረው ዓይን ነው። የምትወጪበትን ቦታ እንጂ የፊት ጎማውን አትመልከቺ። አንገትሽን እስከ ትከሻሽ ድረስ አዙሪ። ያፍራል ሰው፣ ሲያዩት ያስቃል፤ ግን ይሠራል።

ሌላውን በአጭሩ። ብርሽን መጀመሪያ ለሄልሜት አውጪ፣ ማሠሪያውንም እሠሪው፤ ያልታሠረ ሄልሜት ኮፍያ ነው። ነጠላና ሻርፕ አንጠልጥለሽ አትንጂ፣ ካቴናው ውስጥ ከገባ አይለቅም። በ2016 የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከጎን ሲመታሽ መሪውን አንቀሽ አትያዢ፣ ላላ አድርጊው። ኮብልስቶን በዝናብ ጊዜ እንዳይታመን። ባጃጅ ደግሞ ፍሬቻ ሳያሳይ ይቆማል ብለሽ ሁልጊዜ ጠብቂ፣ ግራ እጄ ገና ብስክሌት ላይ መሆኗን የምታስታውሰኝም ያኔ ነው። የመጨበጥ ልማዱ አሁንም አልተዋትም።

እኔ ራሴ የማልሠራውን ደግሞ አልመክርም። ቅዳሜ ገበያ ሲደምቅ በዚያ በኩል አልነዳም። በምሽት አልነዳም። ከከተማ መውጣትም በዚህ ጊዜ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቆ ነው፤ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ እስካሁን በሞተሬ አላየሁትም። ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፌ የዋልኩበት ቀን ደግሞ መንዳቱ ራሱ ያስጠላኛል።

አሁን ያቃተኝ የቀኝ ዙር ነው። ወደ ቀኝ ስዞር ቀኝ እጄ ወደ ሆዴ ይገባና አንጓዬ ይታጠፋል፣ ሳላስበው ነዳጅ ይጨምራል። ቀኝ እግሬ ደግሞ ፍሬኑ ላይ ስለሆነ ለመደገፍ አይደርስም። ክርኔን ወደ ውጭ ብከፍተውስ ብዬ ሞከርኩ፣ ትንሽ ይሻላል እንጂ አልዳነም። ከእናንተ ውስጥ መላውን ያገኘ ካለ ይንገረኝ፤ እሑድ ጠዋት ልሞክረው ነው።