ሚሊ ወይስ ማይክሮ

ባለፈው ቅዳሜ የሊኑክስ ከርነልን (የስርዓተ ክወናውን እምብርት) ሰነድ የከፈትኩት አንዲት የተደገመች ቃል ለመሰረዝ ነበር። አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ናት፤ ሁለት ጊዜ ተከታትላ ተጽፋለች። ሌላ አንባቢ ሳያያት ያልፋል፤ እኔን ግን አንዴ ካየኋት እንቅልፍ ትነሳኛለች። አምስት ደቂቃ ይበቃኛል ብዬ ተቀመጥኩ።

የከርነል ፕሮግራመር አይደለሁም። የእኔ ድርሻ ጥቃቅኑ ነው፦ የጎደለ ፊደል፣ የትም የማያደርስ ማጣቀሻ፣ ስሙ ከተቀየረ ዓመታት ያለፉት ፋይል። የእንዲህ ያለ እርማት መንገድ ግን ከትልቁ ኮድ መንገድ አይለይም። ፓች፣ ማለትም የሚቀየረውን መስመር ብቻ የያዘ ፋይል፣ ይዘጋጃል፤ በተራ ጽሑፍ በኢሜይል ይላካል፣ ከግርጌውም «የመላክ መብት አለኝ» የሚል ትርጉም ያለው የፊርማ መስመር ይሰፍርበታል። የማብራሪያው ግስ ደግሞ ትእዛዝ አንቀጽ መሆን አለበት፤ «አረምኩ» ሳይሆን «አርም»። ለአንዲት ፊደል ብሎ ከርነልን የሚያክል ነገር ማዘዝ መጀመሪያ ሰሞን ያስቀኝ ነበር።

ከነስህተቱ መኖር ያለበት ነገርም አለ። አዲስ ፋይል የሚፈጥረው የዩኒክስ (የጥንቱ ስርዓተ ክወና) ጥሪ፣ ክሪኤት፣ ከስሙ መጨረሻ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ጎድሎታል። ፕሮግራሞች በዚያው ስም ሲጠሩት ስለኖሩ አሁን ማንም አይነካውም። በሰነድ ውስጥ ሲያገኘው ፊደሉን የሚሞላ ደግ ሰው ትክክለኛውን ነገር አበላሸ ማለት ነው። ይህንን አውቃለሁ፤ ለሌሎችም ተናግሬ አውቃለሁ። ቅዳሜ ዕለት ግን ረሳሁት።

የተደገመችው ቃል ያለችበት አንቀጽ አንድ ድራይቨር (ከርነሉን ከመሣሪያ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) የመሣሪያውን መልስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠብቅ ይገልጻል። የሚሰጠው ቁጥር በሚሊሰከንድ፣ በሰከንድ አንድ ሺህኛ፣ ነው ይላል። ኮዱ ውስጥ፣ ይህን ሥራ ከሚሠራው የኮድ ክፍል፣ ከተግባሩ፣ በላይ የተጻፈው ማስታወሻ ደግሞ በማይክሮሰከንድ፣ በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ፣ ነው ይላል። ልቤ ዘለለ፤ እውነተኛ ስህተት አገኘሁ! ማስታወሻው ለኮዱ ቅርብ ስለሆነ እሱ ይሻላል ብዬ ፈረድኩና ሰነዱን ወደ ማይክሮሰከንድ የሚቀይር ፓች ዓይኔን በጨው አጥቤ ላክሁ። ከነማብራሪያው፣ «አርም» ብዬ።

መልሱ ትናንት ማታ ደረሰኝ። አንድ መስመር ነው፤ ኮዱ የሚያደርገው የትኛውን ነው? ይላል። ቁጣ የለበትም፣ ስድብም የለበትም፤ ያ ደግሞ ባሰብኝ። ሁለት ጽሑፎችን አስተያይቼ ከመፍረድ በቀር የሚሠራውን ኮድ ዞር ብዬ አላየሁትም ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ቁጥሩን ተከትዬ ወረድኩ። ከአንዱ ተግባር ወደ ሌላው ሳይነካ ይተላለፋል፤ ሦስተኛው ላይ ሚሊሰከንድን ወደ ጂፊ የሚቀይረው ተግባር ውስጥ ይገባል። ጂፊ የከርነሉ የሰዓት ምት ነው፤ በሰከንድ 250 ጊዜ እንዲመታ በተዘጋጀ ከርነል አንዱ ምት 4 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በእንዲህ ያለ መስፈሪያ ማይክሮሰከንድ ይለካል ብሎ ማሰብ ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ሰነዱ ልክ ነው፤ የተሳሳተው ማስታወሻው ነው። እያንዳንዱን መስመር ማን መቼ እንደጻፈው በሚያሳየው የጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው መሣሪያ) ትእዛዝ ስፈትሽ ደግሞ ማስታወሻውም በተጻፈበት ቀን ልክ ነበር። ኋላ ኮዱ ወደ ሚሊሰከንድ ሲዞር ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ያስታወሰው የለም። ከእንዲህ ያሉ ማስታወሻዎች ሰነድ የሚያመነጨው መሣሪያም ስህተቱን አይይዘውም፤ ማስታወሻው የሚጠራቸው የግብዓቶች ስሞች ከተግባሩ ጋር መግጠማቸውን ያያል እንጂ የተባለው እውነት ይሁን አይሁን አይመረምርም።

ፓቼ ገብቶ ቢሆንስ? ግማሽ ሰከንድ የፈለገ ሰው ሰነዱን አምኖ 500,000 ይጽፋል። ድራይቨሩም 500 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከስምንት ደቂቃ በላይ። ሰውየው መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ሲፈታታው ታየኝ።

ዛሬ ማታ ሁለተኛውን ፓች ላክሁ። ሰነዱን አይነካም፤ ማስታወሻው ላይ አንዲት ቃል ብቻ ይቀይራል። ማስታወሻው የተሳሳተበትን ኮሚት (በጊት የተመዘገበ ለውጥ) መለያ የመጀመሪያዎቹን 12 ምልክቶች አስፍሬ፣ ማብራሪያውን ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ ቁጥሩ የሚያልፍባቸውን ተግባራት በቅደም ተከተል ጠቅሼ። ከሚቀይረው ቃል ይልቅ ማብራሪያው አሥር እጥፍ ይረዝማል።

የተደገመችው ቃል አሁንም እዚያው ናት። በአንድ ፓች አንድ ለውጥ ብቻ ነው ደንቡ፤ ለእሷ ሌላ መጻፍ አለብኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ ፋይሉን ግን አልዘጋሁትም።