የቡናን ምንጭ በብሎክቼይን መከታተል፦ እስካሁን የደረስኩበት

ብሎክቼይንን (እያንዳንዱ መዝገብ ከቀደመው ጋር እንደ ሰንሰለት የሚያያዝበትን፣ ብዙዎች የሚጋሩትን ዲጂታል መዝገብ) መማር ስጀምር ከዲጂታል ገንዘብ ይልቅ የምግብ ምርቶችን ምንጭ ለማወቅ የሚውልበትን መንገድ መረጥኩ። በአሁኑ ወቅት በፓይተን የጻፍኩት አነስተኛ ፕሮግራም የታጠበ ቡናን ጉዞ ከእሸት መረከቢያው ሚዛን ጀምሮ እስከ ላኪው መጋዘን ድረስ ይመዘግባል። መረጃው ለመለማመጃ ያዘጋጀሁት እንጂ የማንም ገበሬ አይደለም።

በዚህ ዘርፍ አዘውትሮ የሚጠቀሰው ዋልማርት ከአይቢኤም ጋር ያካሄደው ሙከራ ነው፤ የተከተፈ ማንጎ ከየትኛው እርሻ እንደመጣ ለማወቅ 7 ቀን ያህል ይፈጅ የነበረው ፍለጋ በ2.2 ሰከንድ ተጠናቋል። እንደ እኔ ግምት ግን ፍጥነቱን ያስገኘው በዋናነት መረጃው አስቀድሞ በአንድ ወጥ መልክ መመዝገቡ ነው፤ ይህንንም ተራ ዳታቤዝ ሊያደርገው ይችላል። የብሎክቼይን ልዩ ጥቅም የሚታየው እርስ በርስ የማይተማመኑ ነጋዴዎች አንድ መዝገብ ሲጋሩ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው በስውር እንዳይለውጠው ማድረጉ ላይ ነው።

ይህንኑ ለማየት 1240 ኪሎ የሚለውን የርክክብ መዝገብ ሆን ብዬ 1260 አደረግሁት። ሻ-256 የተባለው፣ ከማንኛውም መረጃ አጭር መለያ የሚያሰላ ቀመር ያወጣው 64 ምልክቶች ያሉት አሻራ ከቀድሞው ጋር ጨርሶ የማይገናኝ ሆነ፤ ቀጣዩ መዝገብም የቀድሞውን አሻራ በውስጡ ስለያዘ፣ ማረጋገጫው ሰንሰለቱ ከዚያ ቦታ ላይ እንደተቋረጠ ወዲያውኑ አመለከተ። ነገር ግን ክብደቱ ገና ሚዛኑ ላይ ተዛብቶ ቢገባ ኖሮ ሰንሰለቱ ስሕተቱን እንዳለ ጠብቆ ያቆየው ነበር።

አብዛኛውን ጊዜዬን የወሰደው ግን የመቀላቀል ጉዳይ ነው። ማጠቢያ ጣቢያ ላይ በአንድ ቀን የመጣው የበርካታ ገበሬዎች ቀይ እሸት አብሮ ስለሚፈለፈል፣ አንድን ጆንያ አንስቶ «ይህ የእገሌ ማሳ ቡና ነው» ማለት አይቻልም። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ የቡና ክምችት የተገኘባቸውን ርክክቦች ሁሉ ዝርዝር እንዲይዝ አደረግሁ፤ የሚሰጠው መልስም የአንድ ሰው ስም ሳይሆን የዕለቱ አስረካቢዎች ዝርዝር ነው። በተጨማሪም 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ እሸት ስለሚያስፈልግ፣ የወጣው ጥሬ ቡና ከገባው እሸት ስድስተኛ እጅ በጉልህ ከበለጠ ፕሮግራሙ መዝገቡን አይቀበልም፤ ከሌላ አካባቢ የመጣ ቡና ተጨምሮ ሊሆን ይችላልና። በእኔ ዕይታ ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው ይህ ቀላል ስሌት ነው፤ የሚገርመው፣ ከብሎክቼይን ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

የማሳ መገኛን የጨመርኩት እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ደንብ ቡናው የበቀለበትን ማሳ ሁሉ መገኛ ስለሚጠይቅ ነው። ደንቡ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ሙሉ ወሰኑን ሲፈልግ፣ ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃዋል፤ የአገራችን ቡና አምራቾች በአብዛኛው አነስተኛ ማሳ ያላቸው በመሆናቸው በፕሮግራሜ ውስጥ ነጥብ ብቻ መዝግቤአለሁ።

ቀጥዬ የምሠራው አስረካቢውም ተረካቢውም እያንዳንዱን ርክክብ በየራሳቸው ቁልፍ (የፈራሚውን ማንነት በሚያረጋግጥ ምስጢራዊ ኮድ) እንዲፈርሙበት ማድረግ ነው። አቅራቢውና ላኪው በስልካቸው መፈረም ይችላሉ፤ ስማርት ስልክ የሌለው ገበሬ ግን ቁልፉን በምን መልክ ይያዝ የሚለው ገና አልተፈታልኝም። ለጊዜው ያሰብኩት በኪስ የሚያዝ ባለ ኪውአር ኮድ ካርድ ነው። ተመሳሳይ ነገር የሞከራችሁ ካላችሁ ካርዱ ሲጠፋ ወይም በሌላ ሰው እጅ ሲገባ ምን እንዳደረጋችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።