ገመዱ የሚላላበት ጊዜ፦ ከቦራ ጋር ያሳለፍኳቸው ሰባት ወራት

ባለፈው ጥቅምት ይህን ማስታወሻ መያዝ ስጀምር ሐሳቤ መጋለብ ብቻ ነበር። እዚህ ጅማ የሰፈራችን ባለ ጋሪ የሆኑትና ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አዛውንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቦራ የተባለው ፈረሳቸው ከጋሪው ሲፈታ መጥቼ እንድንከባከበው ፈቀዱልኝ፤ ኮርቻ ግን ሦስት ወር ሙሉ አላሳዩኝም። «መጀመሪያ ይወቅህ» አሉኝ። ተማሪዎቼን ይዤ ጅሬን ወደሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስሄድ «አባ ጅፋር» የፈረስ ስም መሆኑን፣ እንደ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» እና እንደ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ሁሉ ሰውዬው በፈረሱ እንደሚጠራ ብዙ ጊዜ አስረድቻለሁ። ፈረሱ ሰውየውን ማወቅ አለበት የሚለው ነገር ግን አንድም ቀን በሐሳቤ መጥቶ አያውቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራዬ ጋማውን ማበጠር፣ ኮቴው ውስጥ የተወተፈውን ጭቃና ጠጠር ማውጣት፣ በገመድ እየመራሁ ማንሸራሸር ነበር። የፈረስ ዐይኖች በግራና በቀኝ ጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ የማያየው ግንባሩ ሥር ያለውንና በቀጥታ ከኋላው የቆመውን ነው። ከኋላ ድምፅ ሳያሰማ የሚጠጋው ሰው ቢረገጥ ጥፋቱ የራሱ ነው።

ኅዳር ላይ የደረሰብኝን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ የተማርኩት አብዛኛው ነገር ከዚያ የመጣ ነውና። በመንገዳችን ዳር ቡና ተሰጥቶ ነበር፤ ባለቤቱ ዝናብ ፈርቶ ላስቲክ አልብሶታል። ነፋሱ የላስቲኩን ጫፍ ሲያንጓጓው ቦራ ጆሮውን ቀስሮ፣ አንገቱን ሰቅሎ ድርቅ አለ። እኔም እንደ ልማዴ ጎተትኩ። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ሲወረውር ገመዱ መዳፌን ልጦት ወጣ። ጋሼ አልተቆጡም፤ «ላስቲኩን ብቻ ነበር የሚፈራው፤ አሁን አንተም ተጨመርክበት» አሉኝና ገመዱን ተቀበሉ። በስሱ ወጠር አድርገው ያዙት እንጂ አልጎተቱም። ቦራ የአንድ እግሩን ክብደት ወደ ፊት ሲያዘነብል፣ ገና ሳይራመድ፣ ወዲያው አላሉት። ቆይተው እንደገና ወጠሩ፣ እንደገና አላሉ። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጅቶ ላስቲኩን እያሸተተ አለፈ። ፈረስ የሚማረው ገመዱ ሲጠብቅ ሳይሆን ሲላላ መሆኑን ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ መጥበቁ ጥያቄ ነው፣ መላላቱ መልስ ነው፣ መልሱ ከዘገየ ደግሞ ፈረሱ ምኑ ትክክል እንደነበረ ሊያውቅ አይችልም።

የሒሳብ መምህር ነኝ። በቀጣዩ ሰኞ አንዲት ተማሪ ሰሌዳው ፊት ቆማ ጠመኔውን ስታሻሽ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳትመልስ ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን ስደራርብባት ራሴን ያዝኩት። ለአሥር ዓመት ገመድ ስጎትት ኖሬያለሁ ማለት ነው። አሁን ከጠየቅሁ በኋላ ዝም ብዬ እስከ አሥር እቆጥራለሁ፤ ግማሽ መንገድ እንኳ ብትሄድ «እሺ፣ ቀጥዪ» ብዬ ወደ መስኮቱ ዞር እላለሁ። ሁልጊዜ ይሳካልኛል አልልም፤ በተለይ ከሰዓት በኋላ፣ ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል፣ ያስቸግራል።

ትዕግሥቴን የምለካበት አንድ ቀላል መንገድም አግኝቻለሁ። ያረፈ አዋቂ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። ከመንጋጋው ሥር ያለውን የደም ሥር በጣቴ ጫፍ ፈልጌ ለ15 ሰከንድ እቆጥርና በአራት አባዛዋለሁ። ከትምህርት ቤት እየተጣደፍኩ በደረስኩበት በመጀመሪያው ወር 52 አግኝቼ ታሟል ብዬ ደንግጬ ነበር፤ ጋሼ ግን «አንተ ተቀመጥ፣ ከዚያ ቁጠር» አሉኝ። ተቀምጬ ቆይቼ ስቆጥር 40 ሆነ። ባለፈው ቅዳሜ ገና እንደደረስኩ 36 ነበር።

ግልቢያውን በተመለከተ፣ ከጥር ወዲህ ኮርቻ ላይ ወጥቻለሁ፤ እርምጃውን ለምጄዋለሁ፣ ሶምሶማው ግን እስካሁን ወገቤን ያንገጫግጨዋል። ሦስቱን እግሮቹን ያለ ጭቅጭቅ ያነሳልኛል። የግራ ኋላ እግሩን ግን ለጋሼ ካልሆነ አይሰጥም፤ እጄን ከዳሌው ወደ ታች ሳወርድ ጉልበቱ ጋ ስደርስ ክብደቱን ሁሉ እዚያው ላይ ይጥላል። በዚህ ሳምንት ጉልበቱ ጋ ሳልደርስ እጄን አንስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።