ፈላፍል ከዴይራ እስከ አዲስ አበባ

የዛሬ ምሳ፦ ዱባይ፣ ዴይራ ሰፈር፣ ፈላፍል (ተፈጭቶ በዘይት የተጠበሰ የሽምብራ ድቡልቡል) እና ፉል። ሥጋም ወተትም ለማይበላ ሰው ከተማው አይከብድም፤ የሚያሳስተው አጠያየቁ ነው። «ሥጋ አለው?» ብቻ ካላችሁ የምስር ሾርባው በዶሮ መረቅ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ቅቤ፣ እርጎ፣ እንቁላል፣ መረቅ እያላችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ።

አዲስ አበባ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ በየዓይነቱ ሞልቷል። በበዓለ ሃምሳ ግን 50 ቀን ጾም የለም፣ ብዙ ምግብ ቤት በየዓይነቱን ከምግብ ዝርዝሩ ያወጣዋል፣ ሽሮውም ቅቤ ይዞ ከች ይላል። «የጾም ነው» መባሉም አያስተማምንም፤ ዓሣን ከጾም የሚቆጥር ቤት አለ።

እና ፈላፍሉን እቤት መጥበስ ይሻላል። ግማሽ ኪሎ ድፍን ሽምብራ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ዘፍዝፉ። አትቀቅሉት! የተቀቀለ ሽምብራ ዘይት ውስጥ ይበተናል። ውሃውን በደንብ አጥልላችሁ ከ1 ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ከ4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ከአንድ እፍኝ የድንብላል ቅጠል፣ ከ2 የሻይ ማንኪያ ከሙን (ነጭ አዝሙድ አይደለም፣ ጣዕሙ ሌላ ነው) እና ከጨው ጋር ፍጩት። እንደ ቅንጬ ሻከር ይበል፤ ከላመ ውስጡ ሊጥ ሊጥ ይላል። 1 ሰዓት ፍሪጅ ይረፍ።

ዘይቱን በትንሽ ቁራጭ ፈትኑት። ታች ከቀረች ገና አልጋለም፣ ፈላፍሉ ዘይት ይመጥጣል። ወዲያው ከጠቆረች እሳቱ በዝቷል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ለማጥቀሻው በእርጎ ፈንታ ሰሊጥ አመስ አድርጋችሁ ፍጩና በሎሚ፣ በውሃና በጨው በጥብጡት።