ጀርመን ሄጄ ቀጥቃጭ ሆንኩ

የሰራሁትን ቢላዋ ፎቶ ሰሞኑን ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩና አገር ቤት ያሉት ጓደኞቼ ጥያቄ በጥያቄ አደረጉኝ። «እዛ ፋብሪካ የለም እንዴ?» «ሰው ዩሮ ሊሰራ ሄዶ አንተ ብረት ትቀጠቅጣለህ?» አንዱማ በውስጥ መስመር መጥቶ «ከተቸገርክ ንገረን፣ እናዋጣልህ» አለኝ፣ ከልቡ ነው። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የምኖረው ኮሎኝ ነው፣ ሶሊንገን ደግሞ በባቡር ቅርቤ ናት። ሶሊንገን ማለት በመቶ ለሚቆጠሩ ዓመታት ጎራዴና ቢላዋ ስትሰራ የኖረች ከተማ ናት፣ ስሟ ራሱ በፈረንጅ ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ እዛ አካባቢ ያልተሰራ ቢላዋ ላይ «ሶሊንገን» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። ግራፍራት የሚባለው ሰፈሯ ውስጥ የስለት ሙዚየም አለ። አንድ እሁድ የምሄድበት አጥቼ ገባሁ፣ ቢላዋ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ፣ መብራት በርቶለት፣ ሰው ድምፁን ቀንሶ ሲያየው አየሁና የሰፈራችን ገበያ ዳር ወናፍ እየነፋ የሚውለው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ማጭድም ማረሻም ቢላዋም ከሱ እንገዛለን፣ ቤታችን ግን አስገብተነው አናውቅም።

ከዛ በኋላ የቅዳሜ ኮርስ ገባሁ፣ ይኸው አራት ዓመቴ። ስራው የሚመስላችሁን አይደለም። ብረቱን እስኪቀላ አግለህ ማግኔት ታስጠጋለህ፣ 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔቱ አልይዝ ይላል፣ ከዛ ትንሽ ጨመር አድርገህ ሞቅ ያለ ዘይት ውስጥ ቀጥ አድርገህ መንከር ነው። የመጀመሪያው ተጣመመብኝ። ሁለተኛው ቀጭ ሲል ሰማሁት፣ ሳወጣው ከስለቱ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። ሦስተኛው ላይ ሞረድ ሳስኬድ አልነክስ ብሎ ተንሸራተተ፣ ጠንክሯል ማለት ነው፣ ዘልዬ የጀርመኑን አስተማሪ አቀፍኩት፣ ሰውዬው እንደ እንጨት ደረቀብኝ። እንደዛ የጠነከረ ብረት ታዲያ እንደ ብርጭቆ ነው፣ ከወደቀ ይሰበራል፣ ስለዚህ የቤት ኦቨን ውስጥ በ200 ዲግሪ ሁለት ሁለት ሰዓት ሁለቴ ይገባል፣ ያኔ ትንሽ ይለዝባል። ከዛ መሞረድ፣ ማለስለስ፣ እጀታ መግጠም፣ አንዱ ቢላዋ ብዙ ቅዳሜ ይበላል።

ፎቶውን የለጠፍኩትን ቢላዋ እጀታ ከአባቴ የወይራ ዱላ ነው የሰራሁት። አባቴ ካረፈ በኋላ በሻንጣ ያመጣሁት ነው፣ ከጫፉ አንድ ስንዝር ቆረጥኩለት። ማሽን ላይ ሳለሰልሰው እንጨቱ ጋለና ጭስ ጭስ አለ፣ እናቴ እንስራ ስታጥን የሚሸተው ሽታ ራሱ! ማሽኑን አጥፍቼ ቆምኩ። ጀርመኖቹ እጁ ተቆርጦ ነው ብለው ፋሻ ይዘው መጡ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ይሄን ቢላዋ የሰራሁት ለጓደኛዬ ልጅ ነበር፣ ክርስትና ሲያስነሳ በስጦታ ይዤ ሄድኩ። የልጁን የክርስትና ስም በትንሹ ስለቱ ላይ ቀርጬበታለሁ። ቁርጡ ቀርቦ ስለነበር ወዲያው አወጡት፣ ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ሥጋውን ቆረጡበት፣ ስልል አድርጎ ሲወርድ «ይሄ ነው ቢላዋ!» አሉ፣ ከእጅ እጅ ዞረ፣ ሁሉም አደነቀ። «ከየት ገዛኸው?» ሲሉኝ «ራሴ ነኝ የሰራሁት» አልኩ።

ቤቱ ዝም አለ። ጋሼ ቢላዋውን ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጡና እጃቸውን በሶፍት ጠረጉ። «ለመሆኑ አንተ ዘርህ ከወዴት ነው?» አሉኝ። መልስ ሳልሰጥ አጠገቤ ሕፃኑን ታቅፋ የነበረችው አክስቱ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ፊቱን ሸፈነችው። ከኔ ነው የሸፈነችው። አውሮፓ መሐል፣ ሃያ ዓመት እዚህ የኖረች ሴት፣ ዓይኔ ልጁን እንዳይበላው! ከኩሽና ሌላ ቢላዋ መጣ፣ ስለቱ ላይ «ሶሊንገን» ይላል። ፈረንጅ ቀጥቃጭ ሲሰራው ቡዳ የለበትም ማለት ነው?

ያኔ አፌ ተሳሰረ። ባቡር ላይ ነው መልሱ የመጣልኝ፦ እምዬ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው አትስደቡ ብለው አዋጅ ያስነገሩትኮ ለኛ ነበር! በሳምንቱ ጓደኛዬ ቢላዋውን በጋዜጣ ጠቅልሎ መለሰልኝ፣ «ወንድሜ አትቀየመኝ፣ እሷ ፈርታ ነው» አለ።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ጉድ ናቸው፣ ለዳቦ ሌላ፣ ለቺዝ ሌላ፣ ለቲማቲም ሌላ ቢላዋ አላቸው፣ እኛ ቤት አንዱ ሽንኩርት ከትፎ፣ ሥጋ ቆርጦ፣ ቆርቆሮ ከፍቶ፣ ሲደንዝ በሲኒ ቂጥ ተስሎ ይመለሳል። ግን ስራውን ያከብራሉ፣ ይሄን አልክድም።

እንምጣ ወይ ለምትሉኝ፦ «የተገኘውን እሰራለሁ» ብላችሁ አትምጡ። እዚህ የሚጠየቀው በእጅህ ምን ትችላለህ ነው፣ ለአውስቢልዱንግ፣ ማለትም እየሰሩ ለሚማሩት የሙያ ስልጠና፣ ቋንቋውም አለ፣ ጀርመንኛውን ቢ1 እስከሚባለው መካከለኛ ደረጃ ድረስ እዛው ጨርሱ። ብየዳም ይሁን እንጨት አንድ ሙያ ያዙ፣ የሰፈራችሁ ቀጥቃጭ ጋ ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ በነጻ ነው። እንደኔ ስለት የምትወዱ ደግሞ ቢላዋ በቦርሳ ሽጉጣችሁ እንዳትወጡ፣ የማይታጠፍና ስለቱ ከ12 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ቢላዋ እንዲሁ ይዞ አደባባይ መውጣት አይቻልም፣ ከ2024ቱ የሶሊንገን በዓል ጥቃት ወዲህ ደግሞ ሕጉ ይበልጥ ጠብቋል። በኛ መልክ ላይ ማስረዳቱ ይረዝማል። እኔ የምይዘው በቁልፍ በሚዘጋ ሳጥን ነው።

ልጁ አሁን ይሮጣል። ስሙን ከስለቱ ላይ አልፋቅኩትም። ብረቱ ዝገት ስለሚወድ በየወሩ አወጣዋለሁ፣ ዘይት እቀባዋለሁ፣ ጠቅልዬ እመልሰዋለሁ።