የለስላሳው ሒሳብ አልገጥም ሲለኝ

ማራኪ ሰፈር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። አንድ የለስላሳ ሳጥን 24 ጠርሙስ ይይዛል። አከፋፋዩ ሲመጣ ባዶውን ሰጥቼ ሙሉውን እረከባለሁ። አምና ክረምት ሒሳቡ አልገጥም አለኝ። ባዶው ጠርሙስ ልክ ነው፣ ብሩ ግን ይጎድላል። ሌባ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ትምህርት ተዘግቶ ሱቅ የሚጠብቅልኝ የ15 ዓመት ልጄ ነበር። በቀን ሦስት ይጠጣል።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያንገበገበኝ ብሩ ነው። ውፍረቱንማ እንደ ምርቃት ነበር የማየው። እኛ ዘንድ "ወፈርክ" ማለት "ተመቸህ" ማለት አይደል? መስከረም ላይ የዩኒፎርሙ ሱሪ አልቆለፍ ሲል ነው የነቃሁት።

የእህቴ ልጅ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነርስነት ትማራለች። "አክስቴ፣ በ300 ሚሊ ሊትር ኮካ ውስጥ 32 ግራም ገደማ ስኳር አለ" አለችኝ። ባለሱቅ ነኝና ወዲያው አባዛሁት። በወር 90 ጠርሙስ። ሦስት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ስኳር! መዝኜ ባንኮኒው ላይ ደረደርኩለት። ልጄ አፍጥጦ አየው። "ይሄን በማንኪያ ቃም ብትይኝ እኮ አልችልም" አለ። ነገሩ እዚያው ላይ ነው። የሚጠጣ ስኳር ሆድ አይዝም። ሦስቱን ጨልጦም ከእንጀራው አይቀንስም።

ከዚያ ግን አበላሸሁት። ፍሪጁን ቆለፍኩ። በሳምንቱ ከጎረቤት ሱቅ በዱቤ ሲወስድ ደረስኩበት። በማልት ልቀይርለት አልኩ፤ እሱም ያው ስኳር ነው። ጁስ ቤት ላክሁት፤ እዚያም ስኳር ጨምረው ይፈጩለታል። ከሁሉ የሚጸጽተኝ በዘመድ ፊት "ሆድህን እየው" ያልኩት ነው። ሁለት ቀን አኮረፈኝ። መጠጣቱንም አልተወ፣ መደበቁን ነው የተማረው።

"አንቺስ ሻይሽ ላይ ስንት ማንኪያ ነው?" አለችኝ የእህቴ ልጅ። አራት። አፈርኩ። አብረን ጀመርን፣ እኔ በሻዩ፣ እሱ በለስላሳው። ፍሪጁን ከፍተን ከፊት የምናገኘው የቤታችን ውሃ ሆነ፣ በጆግ፣ ሎሚ ተጨምቆበት። የሚሸጠው ወደ ታች ወረደ። ለስላሳ ለእሁድና ለበዓል ብቻ። ጥምቀት ላይ ከታቦት ሽኝት ስንመለስ ሁለት ጠጣ፤ አልቆጠርኩበትም። እሺ፣ ቆጥሬአለሁ፣ ግን አልተናገርኩም።

ጤና ጣቢያ ስናስመዝነው ነርሷ ምግብ እንዳልቀንስበት አስጠነቀቀችኝ። ገና የሚያድግ ልጅ ክብደቱ የሚታየው ከቁመቱና ከዕድሜው ጋር ነው። እኔ ደግሞ በወሩ እንዲከሳልኝ ነበር የምጠብቀው። የእህቴ ልጅ ያነበበችልኝ የሆላንድ ጥናት አረጋጋኝ። 641 ልጆች ለ18 ወራት በየቀኑ 250 ሚሊ ሊትር መጠጥ ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ ስኳር ያለው፣ ግማሾቹ የሌለው። ባለስኳሮቹ በልጠው የጨመሩት 1 ኪሎ ያህል ነው። ቀስ የሚል ነገር ነው፤ ሲመጣም ሲሄድም።

የኔው ልጅ ኪሎው ብዙም አልቀነሰም፣ ቁመቱ ግን ተመዘዘ። ያ ሱሪ አሁን ይቆለፋል፣ ግን አጥሮታል።

ባለፈው ቅዳሜ የአንድ ሚሪንዳ ብር ጎደለ። ልጄን ጠርቼ አፈጠጥኩበት። "እማዬ፣ ትናንት ፀሐይ መታኝ ብለሽ አንቺ አይደለሽ የጠጣሽው?" አለኝ።